ቀላል የአደን ጠመንጃና ከባድ ርግጫው

አቃቂ ቃሊቲ፦ ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ አርሲና ባሌ ተራሮች የሚያቀኑ የአደን ጎብኚዎች ተሽከርካሪዎች ከተማዋን የሚሰናበቱት በደቡባዊ ጫፏ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በኩል ነው። በከባድ ጭነት መኪናዎች ወረፋ መካከል እየተሹለከለኩ የሚያልፉት እነዚህ ተሽከርካሪዎች ድንኳን፣ ስንቅና ሻንጣ ጭነው ሲጓዙ፣ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት የአደን ጠመንጃ ይይዛሉ። ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ በሳጥኑ ውስጥ ያለው መሣሪያ ክብደቱ እየቀነሰ መጥቷል። አዳኙ በዚህ ለውጥ ምን እንዳተረፈና ምን እንደከሰረ ግን ብዙ ጊዜ የሚረዳው ቃታውን ከሳበ በኋላ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከቃሊቲ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በአካባቢው ባሉት የጭነት መኪና ጋራዦች ደጃፍ የሚቆም ማንኛውም ሰው አንድ እውነት ያስተውላል። ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ጉድጓድ ሲያገኝ በዝግታ ወርዶ በዝግታ ይነሳል። ያው መኪና ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ግን በዚያው ጉድጓድ ላይ ይዘላል፤ ሾፌሩንና ረዳቱንም ያንጣቸዋል። ጉድጓዱም መኪናውም ያው ነው፤ የተለወጠው ድንጋጤውን የሚሸከመው ክብደት ብቻ ነው። ጠመንጃም እንዲሁ ነው። ያው ጥይት በከባድ ጠመንጃ ሲተኮስ ትከሻን ይገፋል፣ በቀላል ጠመንጃ ሲተኮስ ደግሞ ይራገጣል።

የዚህ ምክንያት ሳይንሳዊ መሠረት አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ሥራው ያስቀመጠው ሕግ ነው። ለማንኛውም ግፊት እኩልና ተቃራኒ ምላሽ አለው። ባሩዱ ተቀጣጥሎ አረሩንና ትኩሱን ጋዝ ወደ ፊት ሲያስፈነጥር ጠመንጃውም በዚያው መጠን ወደ ኋላ ይገፋል። ለዚህ ግፊት የሕዝቡ ቃል ርግጫ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ገላጭ ቃል ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ በዚህ ጽሑፍም ይኸው ቃል ሥራ ላይ ይውላል።

በቁጥር ሲታይ ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በዓለም ላይ በብዛት ከሚታወቁት የአደን ጥይቶች አንዱ "ሠላሳ ዜሮ ስድስት" የሚባለው ሲሆን፣ 11.7 ግራም ገደማ የሚመዝነውን አረር በሰከንድ 820 ሜትር ያህል ያስወነጭፋል። ለዚህም ወደ 3.6 ግራም ባሩድ ያቃጥላል። ጋዙ ከአፈሙዙ የሚወጣው ከአረሩ በሚልቅ ፍጥነት በመሆኑ፣ ከጠቅላላው ግፊት አንድ ሦስተኛ ያህሉን የሚያዋጣው ያ ትንሽ ባሩድ ነው። የሁለቱ ድምር 4 ኪሎ ግራም በሚመዝን ጠመንጃ ላይ ሲያርፍ፣ ጠመንጃው በሰከንድ 3.7 ሜትር ገደማ ፍጥነት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጉልበቱም 27 ጁል ያህል ይሆናል። ይህም አንድ ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከ2.7 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚያደርሰው ምት ጋር የሚተካከል ነው።

አሁን ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተን ጠመንጃውን ብቻ ወደ 3 ኪሎ ግራም እናውርደው። የኋልዮሽ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 4.9 ሜትር፣ ጉልበቱ ወደ 36 ጁል ያድጋል። በ2.5 ኪሎ ግራም ደግሞ 43 ጁል ገደማ ይደርሳል። አንድ ኪሎ ተኩል ከሸክም ሲቀነስ ከግማሽ በላይ በርግጫ ላይ ይጨመራል ማለት ነው። ለንጽጽር ያህል፣ ኃይለኛ የሚባለው "ሦስት መቶ ዊንቸስተር ማግነም" ጥይት በ4 ኪሎ ጠመንጃ ሲተኮስ የሚሰጠው ርግጫ 38 ጁል አካባቢ ነው። በመሆኑም ቀላል ጠመንጃ የገዛ ሰው ሳያውቀው የማግነም ርግጫ ገዝቷል፤ የማግነምን ጉልበት ግን አላገኘም።

እዚህ ላይ በገበያ መግለጫዎች የሚጻፈው ክብደትና በሜዳ ላይ ያለው ክብደት የተለያዩ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ማነጣጠሪያ መነጽሩ ከነማሰሪያው ግማሽ ኪሎ ያህል ሊመዝን ይችላል። ማንገቻውና በመጋዘኑ የሚገቡት ጥይቶችም የራሳቸውን ይጨምራሉ። 2.5 ኪሎ ተብሎ የተሸጠው ጠመንጃ ተራራው ላይ ሲደርስ ከ3 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል። ሻጭ ይህን አይናገርም፤ ለገዢው ትከሻ ግን መልካም ዜና ነው።

ጠመንጃን የማቅለል ጥረት አዲስ አይደለም፤ በአገራችንም ታሪክ ያለው ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት በኢትዮጵያውያን እጅ በብዛት ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የሠራችው ፉዚ ግራ ሲሆን፣ ሕዝቡ ስሙን በራሱ አንደበት አለስልሶ ውጅግራ ብሎታል። ውጅግራ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ሆኖ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር በጥቁር ባሩድ ኃይል ይተኩሳል። የአረሩ ፍጥነት በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ከክብደቱ የተነሳ ርግጫው ዛሬ በሠላሳ ዜሮ ስድስት በ4 ኪሎ ጠመንጃ ከሚገኘው ብዙም አይርቅም። ይህን የሚያቻችለው የጠመንጃው 4.2 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ነበር። ፈረሰኞችና መድፈኞች እንዲይዙት አጥሮ በተሠራው ዓይነት የተኮሰ ግን ልዩነቱን በትከሻው ያውቀዋል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን በአርበኞች እጅ የገባው አጭሩ የጣሊያን ካርካኖ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ርዝመቱ አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ክብደቱም 3 ኪሎ አካባቢ የሆነው ይህ መሣሪያ፣ ቀላል ሆኖ ሳለ እንደ መጠኑ አይራገጥም። ምስጢሩ ጥይቱ ነው። ባለ 6.5 ሚሊ ሜትሩ ጥይት የሚያቃጥለው ባሩድ አነስተኛ በመሆኑ ርግጫው ከ20 ጁል በታች ይቀራል። ጠመንጃውን ያቀለለው ሠሪ ጥይቱንም አብሮ አሳንሶታል።

ይህን ሚዛን ሳይጠብቅ የቀረ የታወቀ ምሳሌ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1944 ለበርማ ጫካ ውጊያ ያወጡት ባለ ቁጥር 5 ሊ ኢንፊልድ ነው። የተለመደው ሊ ኢንፊልድ ከ4 ኪሎ በላይ ሲመዝን፣ ይህኛው አፈሙዙ አጥሮ፣ እንጨቱና ብረቱ ተፍቆ 3.2 ኪሎ ገደማ እንዲሆን ተደረገ። ጥይቱ ግን ያው የነበረው ሆነ። ርግጫውን ያለዝባል ተብሎ በሰደፉ ጫፍ ላስቲክ ቢደረግለትም፣ ላስቲኩ ጠባብና ከጊዜ ጋር የሚደርቅ በመሆኑ ግፊቱን በትንሽ ሥፍራ ላይ እያከማቸ ጉዳቱን አባሰው። ወታደሮች መሣሪያው ዒላማውን አይጠብቅም እያሉ ያማርሩ እንደነበርም ይታወቃል።

በአደን ጠመንጃ በኩል የአሜሪካው ዊንቸስተር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1952 "ላባ ክብደት" የሚል ትርጉም ያለው ስያሜ የሰጠውን የሞዴል 70 ዓይነት አወጣ። ከዚያ ወዲህ የእንጨቱ ሰደፍ በካርቦን ክር፣ የብረቱ ክፍል በአሉሚኒየምና በቲታኒየም እየተተካ፣ አፈሙዙም እየቀጠነ ሄዷል። ገዢውም አለ። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ዳገት መውጣት ይበቃል።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ልዩ ክብደት የሚያገኘውም በዚሁ ከፍታ ላይ በሚኖረው እንስሳ ምክንያት ነው። የደጋ አጋዘን በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ እንስሳ ነው። የዓለም ሳይንስ ያወቀው ዘግይቶ ሲሆን፣ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1908 ካገኘው በኋላ ሪቻርድ ሊዴከር የተባለው ተመራማሪ በ1910 በአዳኙ ስም ሰይሞታል። ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ዋና መኖሪያው የሆነው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በፓርኩ ክልል ውስጥ አደን ክልክል ነው። ሕጋዊ አደን የሚካሄደው ከፓርኩ ውጭ በሚገኙ፣ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ነው። እንስሳው በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል የተመደበ በመሆኑ፣ በፈቃድ የሚታደነው ቁጥሩ የተወሰነ ያረጀ ወንድ ብቻ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀምን የሚመለከት ሲሆን፣ አደን ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይደነግጋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ መሣሪያውን ራሱን በፈቃድ ሥርዓት ሥር ያደርገዋል። ሕጉ ማን፣ የትና ምን እንደሚያድን ይወስናል። አንዱ ጥይት የት እንደሚያርፍ ግን የሚወሰነው በአዳኙ ትከሻና ጣት ነው።

ርግጫ ከሥቃይነቱ ይልቅ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ክፉኛ የተመታ ሰው በሁለተኛው ተኩስ አካሉ ራሱን ለመከላከል ይዘጋጃል። ቃታው ሊለቅ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋል፣ ጣቱንም በድንገት ይስባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከፈቃዱ ውጭ ነው። ብዙ ተኳሾች ሳይሸበሩ ሊታገሡት የሚችሉት ርግጫ 20 ጁል ገደማ እንደሆነ በመስኩ ይነገራል፤ ከዚያ በላይ ልምምድ ይፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በወጣትነቱ አንድ ዘመድ ባቀበለው አጭር ጠመንጃ አንድ ጊዜ ተኩሶ፣ ሁለተኛውን ጥይት ለመተኮስ ሲያነጣጥር አፈሙዙ ለምን ቁልቁል እንደሚያጎነብስ ሳይገባው ቀርቷል። ዘመዱ የሳቀው ጥይት ሳያጎርስ የሰጠው ስለነበር ነው።

ሌላው ጉዳት ብዙም የማይነገርለት ነው። አረሩ ከአፈሙዙ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሺህኛ ሰከንድን ብዙም አይበልጥም፤ ጠመንጃው ግን በዚያች ቅጽበትም ይንቀሳቀሳል። ባለ 4 ኪሎው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ሲሄድ ባለ 3 ኪሎው ወደ 2.7 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ይሁን እንጂ አረሩ ገና በአፈሙዙ ውስጥ እያለ የሚደረግ እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ ሰደፉ ትከሻ ላይ ያረፈበት ሁኔታና የግራ እጅ አያያዝ በቀላል ጠመንጃ ላይ ይበልጥ ይታወቃል። በጠረጴዛ ላይ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ በተራራ ላይ ድንጋይ ሲደገፉት ወደ ሌላ ሥፍራ የሚመታውም በከፊል በዚህ የተነሳ ነው።

በዚህ ላይ ቃታው አለ። አንድ ኪሎ ተኩል ግፊት የሚፈልግ ቃታ በ4 ኪሎ ጠመንጃ ላይ ያን ያህል አያስቸግርም። በ2.5 ኪሎ ጠመንጃ ላይ ግን ጣቱ የሚያሳርፈው ኃይል ከመሣሪያው ክብደት ከግማሽ በላይ በመሆኑ፣ ጠመንጃውን ወደ ጎን መጎተቱ አይቀርም። ዳገት ወጥቶ ለሚያለከልክ ሰው ደግሞ የልቡ ምትና ትንፋሹ ሁሉ ቀጭኑን አፈሙዝ ያወዛውዙታል። ለድካም ቀን የተገዛው ቀላል ጠመንጃ ሰው በደከመ ሰዓት ይበልጥ የሚያስቸግር መሆኑ የነገሩ ዋና ተቃርኖ ነው።

ሽቅብ መተኮስም የራሱ አደጋ አለው። አዳኙ ከታች ወደ ላይ ሲያነጣጥር ወይም በሆዱ ተኝቶ ሲተኩስ ፊቱ ወደ መነጽሩ ይቀርባል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚመለስ ጠመንጃ የመነጽሩን ጠርዝ ይዞ ቅንድብ ላይ ሲያርፍ የሚያወጣው ጠባሳ በአዳኞች ዘንድ የታወቀ ምልክት ነው።

መፍትሔ ተብለው ከሚቀርቡት መካከል በሰፊው የሚሸጠው በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገጠም ባለ ቀዳዳ ብረት ነው። ጋዙን ወደ ጎንና ወደ ኋላ በመበተን ርግጫውን በአንድ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ለተኳሹ ትከሻ የሚሰጠው እፎይታ የማይካድ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ጆሮ ነው። የኃይለኛ ጠመንጃ ድምፅ ያለዚህ ብረትም ለመስማት አካል አደገኛ ከሚባለው 140 ዴሲቤል በእጅጉ የሚበልጥ ሲሆን፣ ብረቱ ሲገጠም በጎን ያለ ሰው የሚሰማው ድምፅ የበለጠ ይጨምራል። አዳኙ ጆሮውን ሊደፍን ይችላል። ከጎኑ ተንበርክኮ በመነጽር እንስሳውን የሚከታተለው የአካባቢው መንገድ መሪ ግን ብዙ ጊዜ መደፈኛ የለውም። አዳኙ በዓመት አንድ ጊዜ ሲተኩስ መንገድ መሪው በየወቅቱ ከሌላ ጠመንጃ ጎን ይንበረከካል። ይህ ጸሐፊ በበኩሉ ለሁለት ሰው የሚበቃ የጆሮ መደፈኛ ሳይያዝ እንዲህ ያለ ብረት ተራራ ላይ መውጣት የለበትም ባይ ነው።

ለስላሳና ሰፊ የሰደፍ ላስቲክ ርካሽና ጉዳት የሌለው መፍትሔ ነው። ጉልበቱን አያጠፋውም፤ የምቱን ጊዜ በማራዘምና በሰፊ ሥፍራ ላይ በማሳረፍ ግን ያለዝበዋል፤ የጭነት መኪና ባሌስትራ እንደሚሠራው ማለት ነው። የሰደፉ ርዝመት ከሰውየው ክንድ ጋር መስማማትም ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል።

ከሁሉም የላቀው መላ ግን ካርካኖው ያመለከተው ነው። "ስድስት ነጥብ አምስት በሃምሳ አምስት" የሚባለው የስዊድን ጥይት የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ይህ ጥይት 9 ግራም የሚመዝን አረር ይዞ በ3 ኪሎ ጠመንጃ ሲተኮስ ርግጫው 21 ጁል አካባቢ ነው። ይህም ሠላሳ ዜሮ ስድስት በ4 ኪሎ ጠመንጃ ከሚሰጠው ያነሰ ነው። በስዊድንና በኖርዌይ ከደጋ አጋዘን በክብደት የሚበልጠው ሙስ የተባለው እንስሳ በዚህ ጥይት ሲታደን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አረሩ በትክክለኛው ሥፍራ ካረፈ ይበቃል፤ ካላረፈ ግን ማግነሙም አያድነውም። ትልቅ ጥይት የአነጣጠር ጉድለትን ይሸፍናል የሚለው እምነት በአዳኞች ዘንድ ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ ትልቁ ጥይት ራሱ ጉድለቱን እንደሚፈጥር የሚዘነጋ ይመስላል።

በቆላው ምድር ጎሽን ለሚያድን ሰው ነገሩ ይለያል። እዚያ "ሦስት መቶ ሰባ አምስት" እና ከዚያ በላይ የሆኑ ጥይቶች የግድ የሚሉ ሲሆን፣ ርግጫቸው በ4 ኪሎ ጠመንጃም ከ50 ጁል ያልፋል። በዚህ መደብ ጠመንጃን ማቅለል ትርፍ የለውም ማለት ይቻላል፤ ልምድ ያላቸው አዳኞችም ከባዱን ይመርጣሉ።

በባሌና በአርሲ ደግሞ ከስሌቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ተሳታፊ አለ፤ እሱም ፈረስ ነው። በእነዚህ ደጋዎች አደን የሚወጡ ሰዎች አብዛኛውን ዳገት የሚወጡት በፈረስ ጀርባ ሲሆን፣ በእግር የሚሄዱት የመጨረሻውን መቃረቢያ ነው። ለአሜሪካና ለመካከለኛው እስያ ተራሮች በእግር ጉዞ ታስቦ የተሠራውን እጅግ ቀላል ጠመንጃ ወደዚህ ማምጣት፣ ፈረሱ ሊሸከመው ይችል የነበረውን አንድ ኪሎ በገዛ ትከሻ መክፈል ይሆናል። ተኩሱ ከሸለቆ ማዶ፣ በአስታና በጭጋግ መካከል ለአንድ አፍታ ብቻ ብቅ ብሎ ለሚቆም እንስሳ በሚሆንበት ቦታ፣ ረግቶ የሚቀመጥ አፈሙዝ ከቀለለው ይመረጣል። ከነመነጽሩ 3.6 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን፣ መካከለኛ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ለዚህ ምድር የሚስማማ ይመስላል።

የተሳሳተ ተኩስ ዋጋ በገንዘብም ይለካል። በአፍሪካ የአደን ጉብኝት ሥራ በሰፊው በተለመደው ደንብ፣ ቆስሎ ያመለጠ እንስሳ እንደተገደለ ተቆጥሮ ክፍያው ይፈጸምበታል። የከፋው ኪሳራ ግን የእንስሳው ነው። ሆዱን የተመታ የደጋ አጋዘን ወደ ጥቅጥቅ አስታ ገብቶ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይሰቃያል። መንገድ መሪዎቹም በደም ጠብታ ዱካ ተከትለው በብርድና በጨለማ ሲፈልጉት ሊያድሩ ይችላሉ።

በዚህ የተነሳ አዳኙ ካምፕ በደረሰ ዕለት ማነጣጠሪያውን በወረቀት ዒላማ ላይ እንዲፈትሽ ይደረጋል። መነጽሩ በአውሮፕላንና በኮረኮንች መንገድ ጉዞ ተነቃንቆ ሊሆን ስለሚችል ፍተሻው አስፈላጊ ነው። ያው አጋጣሚ ሰውየውን ራሱን ለመፈተሽም ያገለግላል። ሌላ ሰው ጠመንጃውን እያጎረሰ ይሰጠዋል፤ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መካከልም ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ሳይነግረው ያስገባል። ቃታው ተስቦ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ሲሰማ አፈሙዙ ካልተነቃነቀ ሰውየው ዝግጁ ነው። አፈሙዙ ቁልቁል ካጎነበሰ ግን ጥቂት ሰዓት ባዶ ጠመንጃ ማለማመድ፣ ካልሆነም ርግጫው የለዘበ ሌላ ጠመንጃ ማዋስ ይሻላል፤ ፈረሶቹ እስከ ማግስቱ ቢቆዩ የሚጎዳ ነገር የለም።